የሪህን መድኃኒት ያስገኙት ወይዘሪት ጌርትሩድ ኤልየን



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ አርበኞች፣ ስለ ደራስያንና ስለ ሃይማኖት አባቶች የሕይወት ታሪክ ሲቀርብ ቆይቷል። እኔ ዘንድሮ የማቀርበው የአንዲት የኬሚስትሪ ሊቅ ታሪክ ነው። እኚህ ሴት ጅጅጋን አላዩም፤ ካራማራንም አልተሻገሩም። ይሁን እንጂ የእጃቸው ሥራ ከመካከላችን በስንቱ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በስንቱ ኮት ኪስ ውስጥ እንዳለ ብንቆጥር ጉድ ያሰኛል። አሎፑሪኖል የሚባለውን የሪህ ኪኒን ማለቴ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ አንባቢ እንዳይሳሳት ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ወደ ታሪካቸው ከመግባቴ በፊት ስለ በሽታው ትንሽ ልበል። በእኛ አገር መገጣጠሚያ ላይ የሚያምን ነገር ሁሉ አንዱ ቁርጥማት፣ ሌላው ብርድ፣ ሦስተኛው ሪህ ይለዋል። ጉልበቱን የሚያመውም ወገቡን የያዘውም ሪህ ነው ይልና ኤረር ፍል ውሃ ወርዶ ሲዘፈዘፍ ይሰነብታል። ዋናው ሪህ ግን ጠባዩ ልዩ ነው። ሰውየው ደህና አምሽቶ ይተኛል፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን የእግሩ አውራ ጣት እንደ ፍም ይነድዳል፤ ያብጣል፤ ይቀላል፤ የአንሶላ ጫፍ እንኳ ሲነካው ያስጮኸዋል። ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይተወውና ዳንኩ ብሎ ይረሳዋል። ከወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ሲመላለስ ዓመታት ካለፉ በጣትና በክርን ላይ እብጠት ይቋጥራል፤ መገጣጠሚያውን ይበላዋል፤ ኩላሊት ውስጥም ጠጠር ሊሠራ ይችላል።

ምክንያቱ ዩሪክ አሲድ ነው። በገዛ ሰውነታችን ሴሎችና በምንበላው ምግብ ውስጥ ፒዩሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሰውነታችን ይህን ፈጭቶ ፈጭቶ መጨረሻ ላይ የሚያወጣው ገለባ ዩሪክ አሲድ ይባላል። ገለባውን አብዛኛውን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሳይችለው ሲቀር ወይም ገለባው ከመጠን በላይ ሲመረት በደም ውስጥ ይጠራቀምና እንደ መርፌ የሾለ ጠጠር ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። የጥጋበኛ በሽታ ነው እየተባለ ሕመምተኛው ሲሾፍበት ይኖራል። ነገሩስ እንደዚያ ብቻ አይደለም። ጉበትና ኩላሊት የበዛበት ዱለት፣ ቢራና አረቄ፣ ጫት ላይ ተቀምጦ የሚጠጣው ለስላሳ በእርግጥ ያባብሰዋል፤ ግን ከዘር የሚወረስም አለ፤ ኩላሊቱ ስለ ደከመ ብቻ ሽሮ በልቶ የሚያድር ሰውም ይያዛል።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ጌርትሩድ ኤልየን ጃንዋሪ 23 ቀን 1918 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። አባቷ ከሊቱዌኒያ፣ እናቷም ያኔ የሩሲያ ግዛት ከነበረ አገር የመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች ሲሆኑ፣ አባቷ በጥርስ ሐኪምነት ተምረው ደህና ኑሮ ይዘው ነበር። በ1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ ግን ገንዘባቸው አብሮ ወደቀ። ልጅቱ መጽሐፍ የምትወድ፣ ለየትኛውም ትምህርት ለይታ የማታደላ ተማሪ ነበረች። አቅጣጫዋን የለወጠው ሞት ነው። እጅግ ትወዳቸው የነበሩ የእናቷ አባት በጨጓራ ካንሰር ተሠቃይተው ሲሞቱ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ይህን በሽታ የሚዋጋ ሥራ እሠራለሁ ብላ ቆረጠች።

ደግነቱ ሐንተር ኮሌጅ ለኒው ዮርክ ሴቶች ልጆች ያለ ክፍያ ያስተምር ነበር። ክፍያ ቢጠየቅ ኖሮ አባቷ አይችሉም፤ ይህ ታሪክም አይኖርም ነበር። ኬሚስትሪ አጥንታ በ1937፣ ገና በ19 ዓመቷ፣ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። ከዚያም ለከፍተኛ ትምህርት የገንዘብ ድጋፍ እንዲሰጧት ለ15 ዩኒቨርሲቲዎች አመለከተች፤ አንዱም አልሰጣትም። ሥራ ስትፈልግም ሴት ላቦራቶሪ ውስጥ ብትገባ የወንዶቹን ሐሳብ ትበትናለች ተብላ የተመለሰችበት ጊዜ ነበር። የጽሕፈት ሥራ ትምህርት ቤት ገባች፤ ለጥቂት ወራት ነርሶችን አስተማረች፤ ከዚያ በአንድ ኬሚስት ላቦራቶሪ መጀመሪያ ያለ ደመወዝ፣ በኋላ በሳምንት 12 ዶላር ተቀጠረች። ባጠራቀመችው ገንዘብ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቀን ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማረች፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ በላቦራቶሪ እየሠራች በ1941 የማስተርስ ዲግሪዋን ያዘች።

በዚሁ በ1941 እጮኛዋ ሞተ። በልቡ ውስጠኛ ክፍል ላይ ባክቴሪያ ገብቶ ነው የገደለው። ፔኒሲሊን ለሕዝብ የደረሰው ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ የመዳን ተስፋ ነበረው። ጌርትሩድ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አላገባችም። እኛ የእድር ሰዎች ድንኳን ስንተክልና ስናነሳ ስለምንኖር፣ መድኃኒቱ ጥቂት ቢቀድም ኖሮ የሚባለውን ዓይነት ኀዘን እናውቀዋለን።

ከዚያ በኋላ የሠራችው ሥራ ለሊቅ የሚመጥን አልነበረም። በአንድ የምግብ ኩባንያ ውስጥ የአቸቶ ዱባ ምን ያህል እንደ ኮመጠጠና የማዮኔዝ ቀለም እንዳልተለወጠ እየመረመረች ቆየች። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ወንዶቹን ወደ ግንባር ሲወስድ የላቦራቶሪዎች በር ለሴቶች ተከፈተ። በ1944 ቡሮውስ ዌልካም የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ተካሆ በነበረው ላቦራቶሪው ዶክተር ጆርጅ ሂቺንግስ በረዳትነት ቀጠሯት።

ከዚህ በኋላ አንቺ ማለቱን ትቼ እርስዎ ልበላቸው፤ ሥራቸው አንቱታ የሚያስገድድ ነውና።

በዚያ ዘመን መድኃኒት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በሙከራና በዕድል ነበር። ሂቺንግስና ወይዘሪት ኤልየን የያዙት መንገድ ሌላ ነው። በሽታ አምጪ ሴሎች ለመባዛት ፒዩሪን ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ፒዩሪን መስሎ የሚገባ፣ ገብቶ ግን ሥራ የሚያበላሽ ነገር እንሥራላቸው አሉ። የፒዩሪኑን ሥራ ሂቺንግስ ለወይዘሪት ኤልየን ሰጧቸው። ማታ ማታ የዶክትሬት ትምህርት በብሩክሊን ፖሊቴክኒክ ጀምረው ነበር። ሁለት ዓመት ያህል በባቡር ከተመላለሱ በኋላ ግን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይ ሥራሽን ትተሽ ሙሉ ቀን ተማሪ፣ ወይ ትምህርቱን ተዪው የሚል ውሳኔ ሰጧቸው። ሥራውን መረጡ። ዶክትሬቱም ቀረ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሠሩት ሜርካፕቶፑሪን የተባለ መድኃኒት የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት ተሰጠ። ከዚያ በፊት እነዚህ ልጆች በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞቱ ነበር። መድኃኒቱ በ1953 ተፈቀደ፤ ልጆቹ ተነስተው መጫወት ጀመሩ፤ ግን ብዙዎቹ ላይ በሽታው ተመልሶ መጣ። ከዚህ ቀደም ብሎ በሌላ መድኃኒታቸው የዳነች አንዲት ወጣት ሴትም ልጅ እስከ መውለድ ደርሳ ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው አገርሽቶባት ሞታለች። ወይዘሪት ኤልየን እንዲህ ያለውን ኀዘን ዕድሜ ልካቸውን አልረሱም ይባላል። ሥራውን ግን አላቆሙም። መድኃኒቱ ለምን እንደሚዳከም ለማወቅ በሕመምተኞቹ ሽንት ውስጥ እየተከታተሉ ምን እየሆነ እንደሚወጣ መረመሩ።

የሪህ መድኃኒት የተገኘው ከዚህ ምርመራ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሜርካፕቶፑሪንን ሰውነት ውስጥ ከሚያጠፉት አንዱ ዛንቲን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ሆኖ ተገኘ። ይህ ኢንዛይም ፒዩሪንን ወደ ዩሪክ አሲድ የሚፈጨው ያው ወፍጮ ነው። ወፍጮውን ብናቆመው የካንሰሩ መድኃኒት ይበረታል ብለው አሰቡ፤ ለዚህም እነ ኤልየን ቀደም ብለው በላቦራቶሪያቸው የሠሩትን አሎፑሪኖልን ሞከሩ። ወፍጮ ቤት የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እህል መሳይ ጠጠር ከእህሉ ጋር ሲገባ ድንጋዩን ይይዘዋል። አሎፑሪኖልም ፒዩሪን መስሎ ይገባና ወፍጮውን ይይዘዋል።

በእርግጥም ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ሜርካፕቶፑሪን ሦስትና አራት እጥፍ በረታ። ግን መርዝነቱም በዚያው ልክ በረታ፤ ስለዚህ ለካንሰሩ የተለየ ጥቅም አላስገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ፋይሉን ይዘጋው ነበር። እነርሱ ግን የሕመምተኞቹ ዩሪክ አሲድ መውረዱን አስተዋሉ። በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ከነበሩት ከዶክተር ዌይን ራንድልስና ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለሪህ ሕመምተኞች ሰጥተው ውጤቱን በ1963 አሳወቁ። በ1966 የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱን ለሪህ ፈቀደ። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ ነው።

ከዚያ በፊት ሪህ ለያዘው ሰው የነበረው ዋናው ነገር ኮልቺሲን ነው። እርሱ እብጠቱን ያበርዳል እንጂ ዩሪክ አሲዱን አይቀንስም። ዩሪክ አሲድን በሽንት የሚያስወጣ ሌላ ዓይነት መድኃኒትም ነበር፤ ኩላሊቱ ለደከመ ግን ብዙም አይጠቅምም። አሎፑሪኖል ከምንጩ ያዘው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እርሱ ነው። እኔ ሪህ ካገኘኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሐኪም ከትንሽ ጀምሮ እያሳደገ የሰጠኝን አሎፑሪኖል እየወሰድኩ እግሬ ከተወኝ ቆየ። አንድ ጎረቤቴ፣ የእድራችን አባል ነው፣ አውራ ጣቱ አብጦ ጫማ ማጥለቅ አቅቶት ወደ ቤቴ መጣ። አይዞህ፣ እኔ የዳንኩበት እያለ ብዬ 300 ሚሊግራም ያለበትን ቅጠል አውጥቼ ሰጠሁት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የደም ግፊት ስላለበት የሚያሸና መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ኩላሊቱም ደህና እንዳልሆነ አልጠየቅኩትም። ሕመሙ በሳምንቱ ሳይተወው ሲቀር ጨምሮ ዋጠ። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘው፤ ገላው ሽፍ አለ፤ ከንፈሩና አፉ ውስጡ ቆሰለ፤ ዓይኑ ቀላ። ቤተሰቡ ኩፍኝ ነው፣ ምች ነው ሲሉ ሁለት ቀን ባከነ። ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ምን ኪኒን ጀመርክ ብሎ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል፤ ግን ከሁለት ወር በላይ ከቤት አልወጣም። እድሩ ሊጠይቀው ሲሄድ እኔም ከሰው ጋር ሄጄ ጥግ ላይ ተቀምጬ መጣሁ።

የሠራሁት ጥፋት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ጠይቄና አንብቤ ነው። አሎፑሪኖል የሕመም ማስታገሻ አይደለም። በነደደ እግር ላይ ወዲያው አይሠራም፤ የሚሠራው በወራት ነው። እንዲያውም ሲጀመር ዩሪክ አሲዱ ቶሎ ስለሚወርድና የተቀመጠው ጠጠር ስለሚነቃነቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ ደጋግሞ ሊነሳ ይችላል። ብዙ ሰው መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ግን ይህን ስለሚያውቅ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ድረስ ትንሽ ኮልቺሲን ወይም ሌላ ማስታገሻ አብሮ ያዛል። ሕመሙ ቢነሳም የጀመሩትን አሎፑሪኖል በራስ አያቆሙም፤ በራስም አይጨምሩም። ኮልቺሲንም ቢሆን ቀልድ አያውቅም፤ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ማስመለስና ተቅማጥ ከጀመረ ማስጠንቀቂያ ነው።

መጠኑ ከትንሽ የሚጀመርበትም ምክንያት አለ። ብዙ ጊዜ በቀን 100 ሚሊግራም፣ ኩላሊቱ ለደከመ ከዚያም ያነሰ ተሰጥቶ በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየታየ ይጨመራል። ግቡ የደም ዩሪክ አሲድን ከ6 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች አድርጎ እዚያው ማቆየት ነው። አንዱ በ100 ይበቃዋል፤ ሌላው 300 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የእኔ ልክ የጎረቤቴ ልክ ሊሆን አይችልም። ጎረቤቴን የያዘው ዓይነት የቆዳ መላላጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ከመጣ ግን ሰው ይገድላል። የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ነው። ኩላሊቱ የተጎዳ፣ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድና በትልቅ መጠን የጀመረ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል፤ ጎረቤቴ ላይ ሦስቱም ተደርበው ነበር። ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል ወይም የዓይን መቅላት ከታየ ኪኒኑን የዚያኑ ሰዓት አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ለነገ የሚባል ነገር የለም። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ ሰው መድኃኒቱን ዳግመኛ በራሱ መሞከር የለበትም።

አሁን ደግሞ ወደ ወይዘሪት ኤልየን ወፍጮ ልመልሳችሁ። አሎፑሪኖል የተሞከረው የሌላ መድኃኒት መጥፋትን ለመከልከል ነበር ብለናል። ያ ባሕርዩ ዛሬም አብሮት አለ። ሜርካፕቶፑሪን የሚወስድ ሰው፣ ወይም ከእርሱ የተገኘውንና ያው ወይዘሪት ኤልየን በ1957 የሠሩትን አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰው አሎፑሪኖልን ቢጨምርበት፣ የመጀመሪያው መድኃኒት በሰውነቱ ውስጥ ይከማችና የደም መሥሪያውን መቅኒ ያደርቀዋል። ሐኪም ግድ ብሎት አብሮ ካዘዘም የመጀመሪያውን ወደ ሩብ ወይም ሲሶ ቀንሶ፣ ደሙን እየቆጠረ ነው። አዛታዮፕሪን ኩላሊት የተተከለላቸው አንዳንድ ሰዎችና ሰውነታቸው ራሱን የሚያጠቃባቸው ሕመምተኞች የሚወስዱት ነው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከ2015 ጀምሮ ስለሚሠራ፣ እንዲህ ያለ ሰው ወደ እኛም ከተማ ታክሞ ይመለሳል። ፌቡክሶስታት የሚባለው አዲሱ የሪህ መድኃኒትም የሚይዘው ያንኑ ወፍጮ ስለሆነ በዚህ ረገድ ልዩነት የለውም፤ የልብ ሕመም ላለበት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለው። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ከአሎፑሪኖል ጋር ሊበረታ ይችላል። አሞክሳሲሊንን አብሮ መውሰድም ሽፍታን ያበዛል፤ ሽፍታው ከየትኛው እንደመጣ ለሐኪሙ ያደናግረዋል።

ዩሪክ አሲድን ራሳቸው የሚያወጡ መድኃኒቶችም አሉ። ለግፊትና ለእግር እብጠት የሚሰጡት ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ፣ ለቲቢ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚሰጠው ፒራዚናማይድ፣ በትንሽ መጠን የሚወሰድ አስፕሪንም ጭምር ናቸው። ይህን ስል ማንም የቲቢውንም ሆነ የግፊቱን መድኃኒት እንዲያቆም አይደለም፤ ይህን እወስዳለሁ ብሎ ለሐኪሙ እንዲናገር ነው። እኔ ራሴ ካርድ ስከፍት የምወስደውን ሁሉ በፌስታል አድርጌ ይዤ መሄድ ከጀመርኩ ወዲህ ነገሩ ቀሎልኛል።

ስለ አካባቢያችንም አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ከጅጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ በወዲያ በኩልም እስከ ሽንሌና ኤረር ያለው አገር ውሃ የሚጠማበት አገር ነው። ውሃ ያነሰው ሽንት ይወፍራል፤ ዩሪክ አሲዱም ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሠራል። ሐኪም ውሃ እንዲቀንስ ካላዘዘው በቀር ሪህ ያለበት ሰው ደህና አድርጎ ይጠጣ። በረመዳን የሚጾሙ ወንድሞቻችን ከአፍጥር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውሃውን ማካካስ አለባቸው፤ መድኃኒቱም አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ከምግብ በኋላ የሚወሰድ ስለሆነ ከአፍጥር በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱን ግን ሐኪሙን አማክሮ ነው። ጫት ቤት ውሎ ውሃም ምግብም ረስቶ፣ ማታ እግሩ ሲነድበት ዳይክሎፌናክ ተወግቶ የሚያድረው ወጣት ደግሞ ያሳዝነኛል። ያ መርፌ ለአንድ ጊዜ ያስተኛል፤ ሲደጋገም ኩላሊትና ጨጓራ ይጨርሳል፤ ዩሪክ አሲዱ ግን እዚያው ነው። ጠረፍ አጠገብ መኖር ጨርቅና ዕቃ በርካሽ ያስገኛል፤ የመድኃኒት ነገር ግን ሌላ ነው። ምን ያህል ቀን ፀሐይ ላይ እንደዋለ፣ በውስጡ ያለው በላዩ የተጻፈው መሆኑ የማይታወቅ ኪኒን ከገበያ አንስቶ መዋጥ ዕጣ መጣል ነው።

የወይዘሪት ኤልየን ሥራ በሪህ አላበቃም። አዛታዮፕሪን ከ1962 ጀምሮ ዝምድና በሌላቸው ሰዎች መካከል ኩላሊት ማዛወር እንዲቻል ረዳ። አሎፑሪኖልም የካላዛርን ተውሳክ እንደሚያዳክም ተደርሶበት ብዙ ተጠንቷል። በ1970 ኩባንያው ወደ ሰሜን ካሮላይና ሲዛወር አብረው ሄዱ፤ እዚያም የሚመሩት ክፍል አልማዝ ባለጭራን ጨምሮ በሄርፒስ ቫይረሶች ላይ የሚሠራውን አሲክሎቪር አስገኘ። በ1983 ጡረታ ወጡ፤ ግን ቢሮአቸውን አልለቀቁም። ኦፔራ ይወዱ ነበር፤ ፎቶግራፍ ማንሳትና አገር ማየትም እንዲሁ።

በ1988 ከሂቺንግስና ከስኮትላንዳዊው ሰር ጄምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዜናውን በስልክ የሰሙት በማለዳ ፊታቸውን እየታጠቡ ሳሉ ነው፤ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። የዶክትሬት ዲግሪ ሳይዙ ኖቤል ካገኙት ጥቂት ሰዎች አንዷ ሆኑ። ያ ሥራሽን ካልተውሽ ብሎ የመለሳቸው ብሩክሊን ፖሊቴክኒክ በ1989 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ከሽልማቱ ይልቅ ደስ ይላቸው የነበረው ሕመምተኞች የሚጽፉላቸው ደብዳቤ ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1999 በቻፕል ሂል ከተማ በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ጎረቤቴ አሁን ደህና ነው። አሎፑሪኖል ስለማይሆንለት የግፊቱ መድኃኒት ተለውጦለት በሌላ መንገድ እየታከመ ነው። በሆስፒታል ካርዱ ላይ አሎፑሪኖል እንዳይሰጠው በቀይ እስክሪቢቶ ተጽፎበታል፤ የካርዱንም ኮፒ በፕላስቲክ አስለብጦ ኪሱ ይዞት ይዞራል። ባለፈው ስብሰባ ላይ ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሌላ አንድ አባላችን እግሩን እያሻሸ ምን ኪኒን ነው የምትወስደው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጎረቤቴ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየው።